«ቁጭ ይበሉልን» አያድንም

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ያየ ሰው ብዙ ነው፤ አሟሟቷን በተመለከተ የተነሳውን ክርክር የሰማ ግን ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ብለው ጻፉ። የቀኝ ክንዷ አጥንት ትከሻዋ ዘንድ የደቀቀበትን ሁኔታ አይተው፣ ስትወድቅ ራሷን ለማዳን እጇን ዘርግታ ነበር አሉ። ካገኟት ተመራማሪዎች አንዱ ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበሉትም፤ ስብራቱ ከሞተች በኋላ የደረሰ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። ማን እንደረታ ለጊዜው ይቆየን። እኔን የገረመኝ የጥያቄው ዓይነት ነው። ከሞተች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለሆናት ፍጥረት ከምን ያህል ከፍታ ወደቀች፣ ምን ላይ አረፈች፣ በየትኛው እጇ ተመረኮዘች ተብሎ ተጠየቀ። ከሙዚየሙ አጥር ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የ80 ዓመት እናት ትናንት ሌሊት ከአልጋቸው ሥር ወድቀው ቢገኙ ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «እርጅና ነው።»

ይህች መልስ ትሕትና የሞላባት ትመስላለች። ቁጣ የለባትም፣ ተጠያቂ አትፈልግም፤ የወደቀውንም ያነሳውንም ታጽናናለች። ክፋቷ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። «እርጅና ነው» ከተባለ የሚከተለው «እንግዲህ አይነሱ፣ ቁጭ ይበሉልን» ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሳይኖር ሽንት ቤት አይኬድም፣ የማለዳው ኪዳን ይቀራል፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅም በልጆች ፈቃድ ይሆናል። ቤተሰቡ ይህን ጥበቃ ይለዋል። ጎረቤቱም «ልጆቿ እንዴት ይሳሱላታል» እያለ ያደንቃል። እኔ ደግሞ ይህ ልማድ ከሚያድናቸው አረጋውያን የሚጎዳቸው ይበዛል ባይ ነኝ። እርጅና ጉልበት ያደክማል፣ ዓይን ያፈዛል፤ ይህን የሚክድ የለም። ብዙውን ጊዜ ጠልፎ የሚጥለው ግን ክፍሉ ነው፤ ክፍል ደግሞ ይስተካከላል።

አፍንጮ በር አካባቢ ካሉት አሮጌ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ የማውቃቸው እናት አሉ። የቤታቸው ወለል ከደጁ አንድ እርምጃ ዝቅ ይላል፤ ደፉ ወፍራም እንጨት ስለሆነ ወጣቱም እግሩን አንስቶ ነው የሚሻገረው። መሬቱ ላይ ላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጠርዙ ከዕድሜ ብዛት ወደ ላይ ተቆልምሟል። ከላስቲኩ በላይ ለፋሲካ የተገዛች ትንሽ ምንጣፍ አለች፣ ስትረገጥ የምትሸሽ። አልጋው ላይ ፍራሽ በፍራሽ ተደርቧል፣ ጎናቸውን እንዳይቆረቁራቸው ተብሎ፤ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ ታዲያ እግራቸው መሬት አይነካም። የመብራቱ ማብሪያ በሩ አጠገብ ነው፣ አልጋው በወዲያኛው ጥግ። ብርሃን ለማግኘት መጀመሪያ በጨለማ ቤቱን ማቋረጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። በመሀል ከግድግዳው ሶኬት ወደ ቴሌቪዥኑ የተጎተተ የዲቫይደር ገመድ ተጋድሟል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ከግቢው ሰው ጋር በጋራ። ሲንገዳገዱ የሚይዙት ነገር ብትፈልጉ መጋረጃው፣ የፕላስቲኩ ወንበርና የበሩ መዝጊያ አሉ፤ ሦስቱም ሲይዟቸው አብረው ይሄዳሉ።

እኚህ እናት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ለጥየቃ የመጣው ሰው ሁሉ «አይዞዎት፣ እርጅና ነው፤ እግዜር ዳሌዎን አተረፈልዎ» ሲል እሳቸው ደጋግመው «ኧረ ገመዱ ነው» ይሉ ነበር። የሰማቸው የለም። ልጅ ሰበብ ሲደረድር እንደሚሳቀው ፈገግ ተባለላቸው። ጠያቂው ገመዱን እየተሻገረ ገባ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ገመዱን እየተሻገረ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ገመዱ እዚያው ነበረ፤ የተለወጠው ሴትዮዋ ብቻቸውን እንዳይነሱ መከልከላቸው ነው።

መውደቅ የጥቂት ቤቶች ገጠመኝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሳይታሰብ ከሚደርሱ ጉዳቶች መካከል ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። ከ65 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። ዳሌው ከተሰበረው ሽማግሌ ደግሞ ከአምስት አንዱ፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ የበዛው፣ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። (እግረ መንገዴን፦ የዳሌ ስብራት በወጌሻ እሽት አይገጥምም። «ወለም ብሏት ነው» እየተባለ የሚባክነው ሳምንት ዕድሜ የሚበላ ሳምንት ነው።)

ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን ማስተካከል ምንም ባልለወጠ ነበር። ይለውጣል እንጂ። የሕክምና ማስረጃዎችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ግምገማ፣ ቤት ውስጥ ያሉ መሰናክሎችን ማስወገድ የመውደቅን ብዛት በ26 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይበልጥ ለመውደቅ የተጋለጡት፣ ለምሳሌ ከዚህ በፊት የወደቁት፣ ተለይተው ቤታቸው ሲስተካከል ደግሞ ቅነሳው 38 በመቶ ይደርሳል። እነዚያ ሰዎች በአንድ ቀን እንኳ አልታደሱም። የታደሰው መብራቱ፣ ወለሉና መያዣው ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሀብታም አገር ናቸው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን መብራት በማይጠፋበትና ሽንት ቤት ከመኝታ ክፍል አጠገብ በሆነበት አገር ይህን ያህል የሚቀየር ነገር ካለ፣ በእኛ ጓሮ የሚቀየረው ያንሳል የሚል ሰው ምክንያቱን ያስረዳኝ።

አሁን ወደ «ቁጭ ይበሉልን» ልምጣ። ይህ ምክር ከሁሉም የከፋ የሚሆነው የሚሠራ ስለሚመስል ነው። ቁጭ ያለ ሰው ዛሬ አይወድቅም። የዛሬ ወር ግን ሲነሳ ይወድቃል፣ መነሳቱ ደግሞ አይቀርም። በፈረንጆቹ 2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ ለካቸው። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቀነሰ፤ የጉልበታቸውም ኃይል አብሮ ወረደ። ልብ በሉ፣ ሲጀመር ደህና የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ቤት «ትንሽ ይረፉ» ተብሎ የሚጀመረው ዕረፍት 10 ቀን ሳይሆን ከፍልሰታ እስከ ጥምቀት ይሄዳል። ከዚያ እናትየው ሽንት ቤት ለመድረስ ሲነሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ እኛም «አላልንም?» እንላለን። ያልነው ነገር የተፈጸመው እኛው ስላደረግነው ነው።

አሜሪካኖች ይህን ስህተት በሰፊው ሠርተው አይተውታል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶቻቸው ይኖር ከነበረው ሰው እስከ 40 በመቶ የሚሆነው «እንዳይወድቅ» ተብሎ በቀበቶና በሰደርያ ከወንበር ወይም ከአልጋ ጋር ይታሰር ነበር። በ1987 የወጣው ሕግ ይህን ገደበው። ሁሉም የፈራው የወደቀ ሽማግሌ መሬቱን ይሞላዋል ብሎ ነው። በ1992 የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ሜሪ ቲኔቲና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ግን የታሰሩት ካልታሰሩት ይልቅ በመውደቅ ለከባድ ጉዳት ይዳረጉ እንደነበር አሳየ። የአልጋ ጎን መከለያ ብረትም ነገሩ እንዲሁ ነው። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ1985 እስከ 2009 ባለው ጊዜ 803 ሰዎች በመከለያው መሀል ተጣብቀው ወይም ተጠላልፈው እንደተገኙ መዝግቧል፤ 480ዎቹ ሞተዋል። ጠባቂ የተባለው ብረት ማለት ነው።

ታሪኩ የሩቅ አገር ብቻ አይምሰላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መጦሪያ ቤቶች ሽማግሌ እያነሱ፣ እያጠቡና እያራመዱ የሚያድሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሥራውን ያውቁታል። አልጋው ዝቅ እንዲል፣ መጥሪያው እጅ የሚደርስበት እንዲሆን፣ ወለሉ እንዲደርቅ፣ ሽማግሌው በቀን የተወሰነ እርምጃ እንዲራመድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ያው ልጅ ለገና አዲስ አበባ ሲመጣ እናቱን «እማዬ፣ ምን ቆርጦሽ ተነሳሽ? ቁጭ በይ!» ይላል። እዚያ ለባዕድ ሽማግሌ ያወቀውን እዚህ ለእናቱ የሚረሳው ፍቅር ጎድሎበት አይደለም። እዚያ ቢወድቁ የሚጠየቅ ተቋም አለ፤ እዚህ ቢወድቁ የሚጠየቀው ዕድሜያቸው ነው።

ስጦታችንስ? የመጀመሪያው ዶላር ሲላክ ምን ይደረጋል፦ ሽንት ቤቱ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። የሚያብለጨልጨው፣ ውኃና ሳሙና ሲነካው እንደ በረዶ የሚያንሸራትተው ዓይነት ነው የሚመረጠው፤ ሻካራው «አያምርም» ይባላል። ቀጥሎ ከፍ ያለ ዘመናዊ አልጋ ይገባል። ነጠላ ጫማው ተረከዝ የሌለው፣ በየእርምጃው ከእግር የሚወጣ ነው። ከዘራው ለጥምቀት እንዲያምር የተገዛ እንጂ ቁመቱ ለባለቤቱ አልተለካም፤ ጫፉም ላይ ጎማ የለውም፣ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ ይሸሻል። እነዚህን ሁሉ የገዛቸው ፍቅር ነው። እኔ የምለው በዚያው ገንዘብ፣ እንዲያውም በሩቡ፣ በያጅ ጠርተው ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት የብረት ቧንቧ ቢያስመቱ ነው። ቁጢጥ ብሎ ለመነሳት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ፍራሹ አንድ ቢቀነስ ደግሞ ጭራሽ ነፃ ነው፦ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ የእግር መርገጫቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ፣ ጉልበታቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ፤ በዚህ ይለካል።

«ቀን ቤት ውስጥ ማን አለ?» የሚለው ተቃውሞ ይገባኛል። ልጆች ሥራ ናቸው፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ ሠራተኛ መቅጠር እንደ ድሮ አይደለም። ሰው በሌለበት ቢወድቁ እስከ ማታ መሬት ላይ መቆየት አለ፤ ከስብራቱ ይልቅ ይህ ቆይታ የገደለው ሰው አለ። ስለዚህ ይቀመጡ ይባላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱት። ሰው የሌለበት ቤት ከሆነ ውኃ የሚያቀብላቸውም፣ ወደ ሽንት ቤት የሚደግፋቸውም የለም። ይነሳሉ፣ ማንም አያያቸውም። «አይነሱ» የሚለው ትእዛዝ ባዶ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። ጠባቂ በሌለበት ሰዓት አብሯቸው የሚቀር አንድ ነገር ክፍሉ ነው፤ ስለዚህ ሰው ያነሰበት ቤት ነው ይበልጥ መያዣ የሚያስፈልገው። ሞባይሉም መደርደሪያ ላይ ሳይሆን አንገታቸው ላይ ወይም ኪሳቸው ውስጥ ይሁን፤ ወለል ላይ የወደቀ ሰው መደርደሪያ አይደርስም።

ሌላው የሚታለፈው ሌሊቱ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ሽንት የሚያበዛው ዓይነት የታዘዘላቸው አሉ፤ ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ብድግ ሲሉ ግፊትን በአንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይፈታል። በዚያ ላይ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ያሉ እንደሆነ የሚያደነዝዝ እንክብል ይጨመርላቸዋል። ሰዓቱ ይቀየርላቸው ዘንድ ሐኪሙን መጠየቅ ነው እንጂ በራስ ማቆም አይገባም። መድኃኒቱ እስኪስተካከል ግን ፖፖው አልጋው ሥር ተገፍቶ ገብቶ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራት መንገዱን ታሳይ፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪ ትራሱ አጠገብ ይገኝ። ዓይናቸው በሞራ ግርዶሽ የተሸፈነባቸውንም «እርጅና ነው» ብሎ መተው ሌላው ጥፋት ነው። ከአምስት ኪሎ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው የምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው፤ ግርዶሹም በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነው። በቀዝቃዛው ወር መስኮት ዘግቶ ከሰል እያጋሉ ማደርን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ሳይገድል ሲቀር ደግሞ አዙሮ ይጥላል።

ስለ መጦሪያ ቤቶችም አንድ ነገር ልበል። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ስድስት ኪሎ፣ መቄዶንያ ደግሞ በቢኒያም በለጠ አነሳሽነት የወደቀውን ያነሳሉ፤ ሥራቸውን ማንም አይስተውም። የእኛ የለጋሾቹ ልማድ ግን ይገርመኛል። ልደቱን፣ ሠርጉን፣ ሙት ዓመቱን ይዞ ሄዶ ምሳ የሚያበላ ሰው ብዙ ነው፤ ፎቶም ይነሳል። አልባሳት ይላካል፣ ዘይትና ዱቄት ይገባል። የመታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ በልክ የተገዛ ጫማ ግን እንደ ምጽዋት አይቆጠርም። ብዙ አረጋውያን በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ቦታ አንድ እርጥብ መተላለፊያ በአንድ ጠዋት የሚያደርሰውን ጉዳት ማሰብ አያቅትም። ምሳው ይቅር አላልኩም። ሠርገኛው ከምሳው ጋር ደርዘን የብረት መያዣና አንድ የቀን ሠራተኛ ይዞ ቢሄድ ግን ጽድቁ የሚቀንስበት አይመስለኝም።

መንግሥትም ከ«እርጅና ነው» ነፃ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መርዳት ግዴታዬ ነው ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖር ያዘዘው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነው። ሰው የሚወድቀው ግን በአብዛኛው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፣ የሚሸናበት ቦታ ነው፣ ደረጃው ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ ከግቢ ቤት ወጥተው ሌላ ሠፈር የገቡ ብዙ አረጋውያን አሉ። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ለደረሰው ሰው «ቁጭ ይበሉልን» የሚል ልጅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ደረጃው ራሱ ይነግረዋል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሌሊቱን በመብራት ደምቆ ያድራል። መደሰታችን ይሁን፤ ከዚያ መንገድ ጀርባ ግን አሮጊት ሴት ማብሪያ ፍለጋ ግድግዳ እየዳበሱ ነው።

ከሁሉ በላይ «ቁጭ ይበሉልን» የሚያጠፋብን መረጃውን ነው። አንዴ የወደቀ ሰው ዳግመኛ የመውደቅ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንሿ መውደቅ፣ ምንም ያልተሰበረባት፣ ማስጠንቀቂያ ነበረች። አረጋውያን ግን ይደብቋታል። ከተናገሩ ኪዳን እንደሚቀርባቸው፣ ጎረቤት ቡና እንደሚከለከሉ፣ ምድጃ እንዳይነኩ እንደሚደረጉ ያውቃሉ። የጠቆረውን ክንድ «በሩ መታኝ» ይሉታል። ጋሼም «ምንም አልሆንኩ» ብለው ለሳምንት እያነከሱ ይሄዳሉ። ሊነግሩን የሚችሉት የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን ተነሱ አለዎት?» ሳይሆን «የት ቦታ ነው?» ሲሆን ነው።

በከተማችን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ገብተው ስለ ሕፃን ክትባት፣ ስለ ውኃና ስለ ሽንት ቤት ይጠይቃሉ፣ ያያሉ፣ ይመዘግባሉ። ከ60 ዓመት በላይ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ቅጻቸው ላይ ጥቂት መስመር ይጨመርላቸው፦ በዚህ ዓመት የወደቀ ሰው አለ ወይ፤ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ በሌሊት ይታያል ወይ፤ በመንገዱ ላይ የሚያዝ፣ ሲያዝ የማይሄድ ነገር አለ ወይ። ለዚህ የውጭ አማካሪ መቅጠርም ሆነ ፖሊሲ እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ባለሙያዋ ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ እስከ በሩ ትሂድ፤ የዲቫይደሩን ገመድ እግሯ ያገኘዋል።